ለወጣት ሯጮቻችን ጎዳናው ይቆይላቸው

ሰለሞን ባረጋ በ2016 ፖላንድ ቢድጎሽች ላይ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና የ5,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ገና 16 ዓመቱ ነበር (የእኛን አቆጣጠር ስጠቅስ እናገራለሁ፤ ሌላው ሁሉ የአውሮፓውያን ነው)። በዓመቱ ናይሮቢ ላይ ከ18 ዓመት በታች የ3,000 ሜትር አሸናፊ ሆነ። ያው ክረምት ሳያልፍ ለንደን ላይ ከአዋቂዎች ጋር ተሰልፎ በ5,000 ሜትር 5ኛ ወጣ። በ2018 ብራስልስ ላይ 5,000 ሜትርን በ12:43.02 ሮጠ፤ በ2019 ዶሃ ላይ በዓለም ሻምፒዮና የ5,000 ሜትር ብር፣ በ2021 ቶኪዮ ላይ የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። ከመጀመሪያው ወርቅ እስከ ኦሊምፒኩ አምስት ዓመት ሄዷል፤ በእነዚያ ዓመታት ዋና ሥራው የመም (የስታዲየም ውስጥ ሩጫ) ውድድር ነበር።

ችግራችን እነዚያን አምስት ዓመታት ለልጆቹ አለመስጠታችን ነው። ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና ወርቅ ይዞ የተመለሰ ልጅ ቤተሰቡ በእሱ ላይ ተስፋ ይጥላል፣ ማናጀር ይከበዋል፣ ከዚያ የጎዳና ውድድር ይጠራዋል። ገንዘቡን ማንም ሊንቀው አይችልም፤ አንድ ጥሩ የጎዳና ውጤት የወላጅ ቤት ያሠራል። ግን በ18 እና በ19 ዓመት ለረጅም ርቀት የሚሠራ ልምምድ የመጨረሻውን ዙር ፍጥነት ይበላል። ቶኪዮ ላይ ሩጫው በ27:43.22 የተጠናቀቀ፣ እንደ ዘመኑ ቀርፋፋ ነበር፤ ሰለሞን ወርቁን የወሰደው በመጨረሻው 400 ሜትር ነው። ያ ፍጥነት የሚገነባው በ1,500 እና በ3,000 ሜትር ነው፤ በልጅነት ያልተያዘውን በ25 ዓመት ለመያዝ በጣም ከባድ ነው።

የቀደሙትን እንይ። በ2002 ኪንግስተን ላይ በዚሁ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና መሠረት ደፋር 3,000 እና 5,000 ሜትርን ደርባ ስታሸንፍ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000 ሁለተኛ ነበረች። ጥሩነሽ በዓመቱ ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ የሮጠችው ግን በ2014 ነው። ለተሰንበት ግደይም በ2015 እና በ2017 የዓለም አገር አቋራጭን በወጣቶች አሸንፋ፣ ማራቶን የገባችው በ2022 መጨረሻ ቫሌንሲያ ላይ ነው፤ 2:16:49 ገባች። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ራሱ በዓመቱ መጨረሻ 20 ዓመት ያልሞላውን በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን አያሰልፍም። ለእኔ ይህ ትንሹ ወለል ነው፤ 22 እና 23 ዓመት ቢሆን እመርጣለሁ።

መጠኑን በቁጥር ላስቀምጥ። ለ16 እና ለ17 ዓመት ሯጭ በሳምንት ከ50 እስከ 70 ኪሎ ሜትር፣ ቢበዛ ሁለት ቀን የመም ልምምድ፣ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይበቃል። በ18 እና በ19 ዓመት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ግድም መድረስ ይቻላል፤ ጭማሪው ግን በወራት እንጂ በሳምንት አይሁን። በነካ እጄ፣ ልጁን ሁሉ ወደ 5,000 መግፋትም ይቅር። መሐመድ አማን ሞስኮ ላይ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በ19 ዓመቱ ነው።

ይህ ሁሉ እውነተኛውን ዕድሜ ከማወቅ ይጀምራል። ከ20 ዓመት በታች ማለት በውድድሩ ዓመት የመጨረሻ ቀን 20 ያልሞላው ማለት ነው። ለ2026ቱ የዩጂን ሻምፒዮና ብቁ የሚሆነው በ2007 እና ከዚያ በኋላ የተወለደ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2006 የተወለደ ነው፤ መዝጋቢው በየትኛውም ወር ለተወለደ ሁሉ ስምንት ዓመት እየደመረ ሲጽፍለት ግን 2007 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 የሚደመረው ሰባት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ነው (ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን አንድ ቀን ቀድሞ ከታኅሣሥ 22)። በዚህ ስህተት ብቻ ብቁ ያልሆነ ልጅ ብቁ ሆኖ ይመዘገባል። ሆን ተብሎ ሲቀነስ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ የ21 ዓመቱ ወጣት የ17 ዓመቱን ሲያሸንፍ እውነተኛው ታዳጊ ከምርጫ ይወጣና ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሁለተኛው የሚዘነጋው አጥንትና ደም ነው። ልጁ ቅልጥሙን ሲያመው አሰልጣኙ በአውራ ጣቱ አጥንቱን ከላይ ወደ ታች ይጫን። ሕመሙ ሰፊ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጡንቻና የአጥንት ልባስ ድካም ነው። አንዲት የጣት ስፋት ያላት ቦታ ላይ ከተወጋና በአንድ እግር ሲዘል ከባሰበት ግን መሰንጠቅ ሊሆን ይችላልና ሩጫው ያኔውኑ ይቁም፣ ሐኪም ይየው። እንዲህ ያለው ጉዳት ቶሎ ከታወቀ አብዛኛውን ጊዜ በስድስትና በስምንት ሳምንት ይድናል፤ በማስታገሻ ኪኒን እየተሮጠበት ከቆየ ዓመቱን ይበላል። ሴት ልጅ ለሦስት ወር የወር አበባዋ ከቀረ ከምትሠራው ልምምድ ያነሰ እየበላች ሊሆን ይችላል፤ «ሯጭ ስለሆነች ነው» ብሎ ማለፍ አጥንቷን አሳልፎ መስጠት ነው። ይህን ጉዳይ ከወንድ አሰልጣኝ ጋር ማውራት ስለሚከብዳት በየካምፑ አንዲት ሴት ባለሙያ መኖር አለባት።

በሱሉልታ ወይም በበቆጂ ከፍታ የሚሠራ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ ለማብዛት ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) ብቻውን አይበቃም፤ ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው) በዓመት ሁለት ጊዜ ይመርመር። ከ30 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ክምችቱ ተሟጧል፤ ልጁ «እግሬ ከበደኝ» ሲል ስንፍና አይምሰለን። ሳይመረመሩ የብረት ኪኒን መዋጥም ይጎዳል። ዛሬውኑ ያለ ወጪ የሚቻለው፣ ምግብ እንደተበላ የሚመጣውን ሻይና ቡና ቢያንስ በአንድ ሰዓት ማዘግየት ነው፤ ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን አንድ ነገር ቢያደርግ እወዳለሁ፦ ከ20 ዓመት በታች ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጥ እያንዳንዱ ልጅ ከማናጀር ጋር በሚፈርመው ውል ላይ በዓመት የሚሮጠው የውድድር ብዛት፣ ማራቶን የማይገባበት ዕድሜ፣ ሲጎዳ የሕክምናውን ወጪ የሚችለው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ውሉ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ 18 ዓመት ያልሞላው ከሆነ ወላጁ ወይም ሞግዚቱ አብሮት ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂም በፌዴሬሽኑ መዝገብ ይቀመጥ።