ለኪራዩ ሱዳኖቹን አትክሰሱ

የጎንደር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ማራኪ አካባቢ ሁለት ልጆች የያዘች ሱዳናዊት ክፍል ስትፈልግ አየሁ። ደላላው አማርኛ አትሰማም ብሎ ድምፁን እንኳ አልቀነሰም። «ከውጭ ብር ይላክላታል፤ እጥፍ በላት» አለው ለአከራዩ። አከራዩም እጥፍ ጠራ። ሰንበት ብሎ እዚያው ሰፈር ቡና ላይ «ሱዳኖች ኪራይ አስወደዱብን» ሲባል ሰማሁ። ማን ነው ያስወደደው? ከፋይዋ ወይስ ጠሪው?

የተከራዩ ምሬት እውነት ነው። በደሞዙ ወር መድረስ አቅቶታል። ግን ቁጣችሁን ለሚገባው ስጡ።

ደግሞስ ስደትን እኛ አናውቀውም? ከቀይ ሽብር ያመለጠው የጎንደር ልጅ በመተማ አድርጎ የገባው ሱዳን አይደለም? በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ መጠለያ ያለቁት ቤተ እስራኤሎች የኛው ጎረቤቶች አልነበሩም? ሱዳኖቹ ሚያዝያ 2015 ጦርነት ሲነሳባቸው በዚያው በመተማ በር መጡ። እኛ ምን አደረግንላቸው? ምዕራብ ጎንደር አውላላ መጠለያ የነበሩት ዘረፋውና ጥቃቱ ሲበዛባቸው በ2016 ሚያዝያ ላይ ብዙዎቹ ጥለው በእግራቸው ወጡ፤ መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ይህ የሆነው በኛ መሬት ላይ ነው። የእግዜር እንግዳ የምንል ሰዎች እንዴት አናፍርም?

ስለ ንግዱም አንድ ነገር ልበል። «ድንበሩ ይዘጋ፣ የውጭ ዕቃ ገደለን» ትላላችሁ። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ የሚሸጠው ለማን ነው? ቻይና ነው፣ እስራኤል ነው። የአፍሪካን ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነትም በ2011 አጽድቀናል። በሩ ለሰሊጣችን ብቻ ተከፍቶ ለሌላው የሚዘጋበት መላ የለም። በሌሊት ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚገባው ዕቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኮንትሮባንድ ነው፣ አስገቢውንም ሰፈራችሁ ያውቀዋል። የሸማኔው ነገር እኔንም ያሳስበኛል። በማሽን የታተመ ጥበብ ለብሳችሁ ሠርግ እየሄዳችሁ ግን ስለሱ አታልቅሱልኝ። ቀሚሱን ከሱ ግዙ፤ ቢወደድም ግዙት።

ሕጉም ግልጽ ነው። አዋጅ 1110/2011 ለስደተኛ ሠርቶ የማደር መብት ሰጥቶታል። ሻይ አፍልታ የምትሸጠውን ሱዳናዊት «ሥራችንን ወሰደች» እያላችሁ አታሳድዷት።

አከራዮች፣ ለጎንደሬው የምትጠሩትን ዋጋ ለሱዳናዊቷም ጥሩላት። የዕድር ዳኞች፣ ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ አንሱት። ከአባሎቻችሁ መካከል በስደተኛ ላይ እጥፍ የሚጠራ ካለ፣ እዚያው ሰው ፊት ጠይቁት።