ማንጎ ተጠምቶ ያፈራል?

መነሻው ይህ ነው፦ ጣና ዳር በበጋ የፍራፍሬ ዛፍ ውኃ ይቀነስበት ወይስ አይቀነስበት? አንዱ ተከራካሪ የመስኖ ባለሙያ ነው። ሌላዋ ወደ ሐይቁ በሚገባ ወንዝ ዳር ማንጎና አቮካዶ የተከሉ እናት ናቸው።

ባለሙያው፦ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያበቃ ሞተር ያለው ሁሉ ጓሮውን ማጥለቅለቅ ይጀምራል። ማንጎ ግን ከማበቡ በፊት ሁለት ወር ያህል ደረቅ ጊዜ ይወዳል። ያኔ ውኃ ከበዛበት ወደ ቅጠል ነው የሚሄደው። ውኃ የሚፈልገው ፍሬ ከያዘ በኋላ ነው። ባጭሩ ዛፍ ትንሽ መጠማት አለበት።

ባለጓሮዋ፦ «ዛፍ መጠማት አለበት!» ደስ ይላል። የኔ ጓሮ ግማሹ አቮካዶ ነው። ሥሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው። መጋቢት ላይ አንድ ዙር ማጠጣት ካመለጠኝ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፤ አውራ ጣት የምታህለው ፍሬ መሬት ላይ ትረግፋለች። ለቅሜ ላምጣልህ?

ባለሙያው፦ እትዬ፣ ያልኩት ስለ ማንጎ ነው። አቮካዶ አይጠማ። ግን ግንዱ ሥር ውኃ ሲያቁሩ ሥሩ ይበሰብሳል። ራቅ አድርገው ያጠጡ። ገለባም ይጎዝጉዙበት፣ እርጥበቱን ይይዛል።

ባለጓሮዋ፦ «ዛፍ» ነው ያልከው፣ እዚያው ላይ ተጽፏል። ደግሞ ገለባ! ላሜ በመጋቢት ምን ትብላ? ማንጎውም ቢሆን እዚህ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ አበባ የሚያስወጣው የሌሊቱ ብርድ ነው። የቆላ ምክር ይዘህ መጥተህ ጥማት ትለኛለህ።

ባለሙያው፦ ብርዱም ድርቁም ይተጋገዛሉ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ይዘው እስከ መቼ ነው የሚጎትቱኝ? እኔም ቦይ ለቦይ ነው የምውለው፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚያወራ አያስመስሉኝ። ዋናው ነገር ወንዙ የካቲት ላይ ይቀጥናል። እርስዎ አቮካዶው ሥር ያቆሩት ታች ላለው ጎረቤት ይጎድለዋል።

ባለጓሮዋ፦ አሃ፣ አሁን ጎረቤት መጣ! ከኔ በላይ ጫት የተከለው ዓመቱን ሙሉ በሞተር ይስባል። እሱ ጋ ሄደህ «ትንሽ ይጠማ» በለውና እስቲ።

ባለሙያው፦ ጫቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁሉም በተራ ያጠጣ፤ ቆጋ የመስኖ ፕሮጀክት ላይም ውኃ የሚለቀቀው በተራ ነው።

ባለጓሮዋ፦ ቆጋ ግድብ አለው፣ እኛ ያለን የጎረቤት ሞተር ነው። ይሁን፣ ተራ ካልክ ተራ። ያ ሰውዬ ሞተሩን አጥፍቶ ተራውን ሲጠብቅ አሳየኝ፤ ያን ጊዜ ማንጎዬን ኅዳርን ሙሉ አላጠጣም። ለተራው ይፈርሙ ካልከኝም ከሱ ቀጥዬ እፈርማለሁ።