ተቀበልና ጨምርበት፦ ከቺካጎ እስከ ደሴ

ቺካጎ ውስጥ አዋቂ ሰው ገንዘብ ከፍሎ መጫወት ይማራል። ጠበቃው፣ ነርሷ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የሚውለው ባለሙያ፣ ማታ ከሥራ ሲወጡ አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። የሌለ ኳስ ይወራወራሉ። በሌለ ቋንቋ ይከራከራሉ። ስሙ ኢምፕሮቭ ነው፤ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ልምምድ፣ እዚያው ፈጥሮ መተወን። ለጀማሪ የሚሰጠው ኮርስ ብዙ ጊዜ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ ክፍያው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። እኔም ተመዝግቤ ጨርሻለሁ። ክረምት ላይ ለእረፍት ደሴ ስገባ ደግሞ፣ ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ ባለ አንድ አዳራሽ የጀማሪ ተዋንያን ሥልጠና እንዳለ ሰማሁ። አሠልጣኙን አስፈቅጄ ገባሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ካየሁ በኋላ ሳልጽፍ መቅረት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ልናገር፤ እኛን ስደተኞችን የሚነካ ታሪክ አለው። ቫዮላ ስፖሊን የምትባል ቺካጎ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ በ1920ዎቹ ሃል ሃውስ በሚባል የስደተኞች መረዳጃ ቤት ኔቫ ቦይድ ከምትባል መምህርት ጨዋታን የማስተማሪያ መንገድ አድርጋ መጠቀምን ተማረች። ኋላ ላይ እሷ ራሷ የስደተኛ ልጆችን ድራማ ማስተማር ስትጀምር፣ ልጆቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ቋንቋቸው አይገናኝም። ጽሑፍ አስጠንታ ልታስተምራቸው አትችልም። ስለዚህ ጨዋታዎችን ፈጠረች። አንዱ እንደ መስታወት የሌላውን እንቅስቃሴ ይከተላል፤ ሌላው ትርጉም በሌለው ድምፅ ይናገራል፤ ጓደኛው ከሁኔታው ይረዳዋል። ልጇ ፖል ሲልስ ከጓደኞቹ ጋር በ1959 ሰከንድ ሲቲ የተባለውን የቺካጎ ትያትር ቤት ሲመሠርት መነሻቸው የእናቱ ጨዋታ ነበር። ዛሬ በመቶዎች ዶላር የሚሸጠው ትምህርት፣ እንደኛ እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው ልጆች ተብሎ የተሠራ ነው። ይህን ሳውቅ በክፍሉ ውስጥ ቦታ እንዳለኝ ተሰማኝ። በተለይ በሌለ ቋንቋ ስንጫወት። ያን ጊዜ የአነጋገር ዘዬዬን የሚታዘብ የለም። ሁላችንም እኩል ነን።

የጨዋታው ዋና ሕግ አንድ ነው። ጓደኛህ የሰጠህን ተቀበል፣ ጨምርበት። አንዱ «ዶክተር፣ እግሬ ጠፋብኝ» ብሎ ከገባ፣ ሌላው «እግርህ ይኸው አይደል እንዴ?» አይለውም። እንዲያ ካለ ጨዋታው እዚያው ሞተ። «ዛሬ ሦስተኛው ሰው ነህ፤ ሰፈራችሁ ምን ገባ?» ካለው ግን ታሪክ ተወለደ። ይህችን አንዲት ነገር ለመልመድ ሰዉ ሳምንታት ይፈጅበታል። እውነቴን ነው፤ ክፍላችን ውስጥ ጎበዝ፣ የተማሩ፣ ንግግር የሚችሉ ሰዎች የጓደኛቸውን ሐሳብ ተቀብለው መቀጠል ሲያቅታቸው አይቻለሁ። እያንዳንዱ የራሱን ሐሳብ ይዞ ይመጣል። በአንድ ፎቅ ላይ ዓመታት ኖረው የጎረቤታቸውን ስም የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ሰው የሚሰጣቸውን መቀበል የሚለማመዱበት ሌላ ቦታ የላቸውም። ለዚህ ነው የሚከፍሉት። ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ይልካሉ። ተዋናዩ አለን አልዳ በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ በ2009 በተከፈተው ማዕከል ሳይንቲስቶችን በዚሁ ጨዋታ ከሰው ጋር መነጋገር እንዲለምዱ ያሠለጠነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ይህን ይዤ ደሴ ገባሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ብርዱ ያው የደሴ ብርድ ነው። አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። የባጃጅ ሹፌር አለ፣ የነርስ ተማሪ አለች፣ ካፌ የምትሠራ ልጅ አለች፣ ጋቢ የለበሱ ጡረተኛ መምህር አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው፤ ይህ ወሎ ነውና ማንም ልብ አይለውም። አዛን ሲል አሠልጣኙ ጨዋታውን አቁሞ እረፍት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ልምምድ የሌለ ዕቃ መያዝ ነበር። ቺካጎ ውስጥ ይህን ስንሠራ አብዛኛው ሰው መሪ ይይዛል፣ ስልክ ይነካካል፣ ጥርሱን ይቦርሻል። ሁሉም ለብቻው የሚሠራ ነገር። ደሴ ላይ የነርስ ተማሪዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ቡና መልቀም ጀመረች። ጥቁሩን ፍሬ በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። አጠበች፣ ቆላች። ከምጣዱ ጭሱን በእጇ እየገፋች በክቡ ላሉት ሁሉ ስታዞር፣ ሳይነገራቸው አንድ በአንድ ወደ ጭሱ ጎንበስ አሉ። አንዷ ተነስታ ሲኒ ደረደረች። ጡረተኛው መምህር የሌለውን ሲኒ በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁ። የባጃጁ ሹፌር «አቦሉ ነው ወይስ ደረስኩ በቶናው?» አለ። ምንም ሕግ አልተነገራቸውም። ተቀበሉ፣ ጨመሩበት። አሠልጣኙ ገና ሊያስረዳ ያሰበውን ነገር ሠርተው አሳዩት።

የሚገርምም አይደለም። ይህ አገር እዚያው ፈጥሮ በመናገር የታወቀ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲይዝ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፤ አዝማሪው «ይህ አይሆንም» አይልም፤ በዜማው ይዞ ያወጣዋል። በዜማ የሚለምኑት ላሊበሎች ሌሊት ደጅ ላይ ቆመው የባለቤቱን ስም፣ የልጁን፣ የሥራውን ነገር ከጎረቤት ጠይቀው ግጥም ይሠሩበታል። በዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪው የዕለቱን ቅኔ ራሱ መቁጠር፣ ማለትም መድረስ አለበት፤ የትናንቱን ቢደግም ማን ይሰማዋል? ልጆች ሆነን «እንካ ሰላንቲያ!» «በምንቲያ?» «በጀበና!» «ምን አለ በጀበና?» «አፍህን ያዝና ጠጣ ያንተን ቡና!» እየተባባልን የምንሰዳደበው ሌላ ምንድነው? በየትምህርት ቤቱ የነበረው የፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ እንኳ ስንቱ ያለ ጽሑፍ፣ «አንተ አባት ሁን፣ አንቺ ልጅቷ ሁኚ» ተብሎ ብቻ የተሠራ ነው።

ታዲያ ችሎታው ሞልቶ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያስቸግረው ምንድነው? መሳሳትን መፍራት። ሁለተኛው ልምምድ ላይ ክብ ቆመው እየተጠቋቆሙ ቃል በፍጥነት የሚቀባበሉበት ጨዋታ ነበር። ካፌ የምትሠራው ልጅ ቃሉ ጠፋት። ሁለት ልጆች ሳቁባት። ከዚያ በኋላ ተራ ሲደርሳት ድምፅዋ አይሰማም፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ቺካጎ ላይ ሰው ሲሳሳት ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። የተሳሳተው ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እጅ ይነሳል፤ ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭብለታል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። በቃ። መጀመሪያ ሲያዩት የልጅ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ሰው ሲለወጥ ይታያል። እኛ ያደግንበት ክፍል ግን መልሱ አንድ ነው። መምህሩ ይጠይቃል፣ ተነስተህ ትመልሳለህ፤ ከሳትክ ቆመህ ትቀራለህ፣ ይሳቅብሃል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የኢምፕሮቭን ሌላ መንገድ ያበጀው እንግሊዛዊው ኪት ጆንስተን በ1950ዎቹ ለንደን፣ ባተርሲ የሚባል የሠራተኛ ሰፈር ውስጥ አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤት የልጅን ድፍረት እንዴት እንደሚሰብር ያየው እዚያ ነው፤ የትያትር ሥራውም ያንን ለመጠገን ነበር። እነሱ ችግሩን አይተው መድኃኒት ሠሩለት። እኛም ልንወስድ የሚገባን ይህንን ነው ባይ ነኝ፤ ጭብጨባውን።

ሌላው ይሉኝታ ነው። እዚህ ላይ ግን ከብዙ ሰው እለያለሁ። አንዳንድ ውጭ የሠለጠነ ሰው «ይሉኝታን ካልጣሉ ተዋናይ አይሆኑም» ይላል። ደሴ ያየሁት ሌላ ነው። የሥልጣን ልምምድ ነበር፤ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ የሚጫወትበት። ያቺው ቃል የጠፋት የካፌ ልጅ የቢሮ ኃላፊ እንድትሆን ተደረገች፤ ጡረተኛው መምህር ባለጉዳይ። ልጅቷ ወንበሯ ላይ መቀመጥ እንኳ አቃታት። እሳቸው ቆመው እሷ እንዴት ትቀመጥ? «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» ትላለች። እሳቸው «ልጄ፣ አሁን እኔ ጋሼ አይደለሁም፤ ማመልከቻ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አትፍሪ» አሏት። አሠልጣኙ «አንተ በያቸው» ቢላትም ከአፏ አልወጣም። ትንሽ ዝም አለችና ተቀመጠች። ወረቀት እያገላበጠች፣ ቀና ብላ ሳታያቸው፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ጋሼ፣ ሲስተም የለም። ነገ ይምጡ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው «ትናንትም ነገ ብለሽኝ ነበር» ሲሉ፣ «ትናንት የነበረችው ሌላ ናት፤ እርስዎ ደግሞ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ምን አስቸኮለዎት?» አለቻቸው። አክብሮቱን አልጣለችም። አክብሮቱን ይዛ በሩን ዘጋችባቸው። በየቢሮው የምናውቀው እኮ ይኸው ነው! ሰው የሚንገላታው «አንቱ» እየተባለ ነው። አንተ ብትላቸው ኖሮ የፈረንጅ ጨዋታ ይሆን ነበር። ይሉኝታዋን ባለመጣሏ ነው እውነቱን ያገኘችው። የቺካጎ መምህሬ ያን ብታይ ደስታዋን አትችለውም ነበር።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። «ምን እየሠራህ ነው?» የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ አንድ ነገር እየሠራ ሲጠየቅ የማይሠራውን ይናገራል፤ ጠያቂው የተባለውን ይሠራል። ፀጉር የሚያበጥር የሚመስል ልጅ ሲጠየቅ «ቤት ቆልፌ እየወጣሁ ነው» አለ። ተራዋ የነርስ ተማሪዋ ነበር። ቁልፉን አዞረች። ጓጉንቸሩን ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ጥቂት ሄደችና ተመልሳ እንደገና ሞከረችው። ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተች። ቀጥሎ የሚጠይቃት ሰው ጠፋ። እንደኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2014 ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ ስንቱ የደሴ ሰው እንዲሁ ቤቱን ቆልፎ ወጥቷል፤ ሠራዊቱ መልሶ እስኪይዛት ከአንድ ወር በላይ አለፈ። አሠልጣኙ አስተዋይ ሰው ነው። «ምን ተሰማሽ?» ብሎ አልጠየቃትም፤ ሻይ እንጠጣ አለ። ቺካጎ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን የሚነገር ደንብ አለ፦ ማንም ሰው ሰበብ ሳያቀርብ ከጨዋታው መውጣት ይችላል፣ ሊነካ የማይፈልገውን ርዕስ አስቀድሞ መናገር ይችላል። እዚያ ይህ ደንብ ለጥንቃቄ ነው። እዚህ ግን የግድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ያየው ነገር አለ፤ ጨዋታው ደግሞ ሳታስበው ነው የሚያወጣው። የጀማሪ ክፍል ቁስል መክፈቻ እንዳይሆን አሠልጣኞች ደንቡን በመጀመሪያው ቀን፣ በግልጽ አማርኛ ይናገሩት። ስለዚህ ጉዳይ አሠልጣኙን አነጋግሬዋለሁ፤ በደስታ ተቀብሎኛል።

እኔም ያሰብኩትን ነገርኩት። ሥልጠናውን ከውጭ በመጣ ስም አይጀምሩት። በእንካ ሰላንቲያ ይጀምሩት፤ ልጆቹ አካላቸው ሳይቀር ያውቀዋል። ከዚያ በ«ተቀበል»። የመስታወቱን ልምምድ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያስቸግራቸው ሴቶች ከሴቶች ጋር ይጀምሩት፤ ምንም አይጎድልበትም። ነጥብ አይስጡ። ለሳተ ይጨብጨብ።

የሚቸግራቸው ምን እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ የጠበቅኩትን መልስ አላገኘሁም። ካሜራ አላሉኝም፣ አልባሳት አላሉኝም። አዳራሽ አሉኝ። ስብሰባ ሲመጣ ይለቃሉ፤ ሠርግ ሲመጣ ይለቃሉ፤ በክረምት ጊዜ ደጅ ላይ መለማመድ አይታሰብም። የቺካጎዎቹ የሚበልጧቸው በዚህ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ማንም የማያስወጣቸው ክፍል አላቸው። ደሴና ኮምቦልቻ የወንድም የእህት ልጅ ያላችሁ፣ ውጭ ሆናችሁ «ለወጣቱ ምን እንላክ?» የምትሉ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና ለአንድ ክረምት የአዳራሽ ኪራይ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ቺካጎ ያለን ጥቂት ሰዎች መዋጮ ጀምረናል።