የብራድ ሽጉጥ ሚስማር መደርደሪያ አይሸከምም
ወንድሜ፣ «የብራድ ሽጉጥ ካለህ ኮላም ብሎንም አያስፈልግህም፣ የግድግዳ መደርደሪያ ሳይቀር በሱ ምታው» ያልከው ስህተት ነው፤ ሰውም ይጎዳል። ብራድ ማለት ሽጉጡ የሚመታው ቀጭን ሚስማር ነው፤ የ18 ጌጅ (ጌጅ የሚስማር ውፍረት መለኪያ ቁጥር ነው) ብራድ ውፍረት 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጭንቅላቱ ከእግሩ እምብዛም ስለማይሰፋ ክብደት ሲጎትተው ተንሸራቶ ይወጣል። ቁጥሩም እንዳያሳስትህ፣ 16 ጌጅ ከ18 ይወፍራል።

ብራድ ጥሩ የሚሆነው ለዞኮሎ፣ ለበር ዙሪያ ጌጥ፣ ለመሳቢያ ጀርባ ነው። ቀጭኑን እንጨት ብዙም ሳይሰነጥቅ ይገባል፣ ቀዳዳውም በትንሽ ስቱኮ ይደፈናል። ኮላ ቀብተህ ከመታህበት እስኪደርቅ እንደ ሞርሳ ይይዝልሃል፤ ዋናው ጥንካሬ ግን የኮላው ነው። ለዚህ ሥራ ርካሹም መሣሪያ ይበቃል፤ ጥልቀት ማስተካከያ እንዳለው ብቻ እይ። ስትመታ ጣትህን አርቅ፣ ሚስማሩ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ታጥፎ በጎን ሊወጣ ይችላል። መደርደሪያውን በፊሸርና በብሎን እሰረው።