ኻኤምዋሴት ስም መለሰ እንጂ አልሰረቀም

ባለፈው ሳምንት አንድ የሬዲዮ እንግዳ የጥንቷ ግብፅ ንጉሥ የዳግማዊ ራምሴስን ልጅ፣ ልዑል ኻኤምዋሴትን፣ «በሰው ፒራሚድ ላይ ስሙን የጻፈ የቤተ መንግሥት ቅምጥል» ብለው አጣጣሉት። አዘጋጁም ስቆ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

«ትልቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ይነግሥ ነበር» ማለታቸው ደግሞ ባሰብኝ። ኧረ በምን በኩል ይንገሥ? አባቱ እኮ 66 ዓመት ሙሉ ዙፋኑን አልለቀቀም! ኻኤምዋሴት አራተኛ ወንድ ልጅ ነው። ታላላቆቹ አልቀው ተራው ሲደርስ፣ በአባቱ 55ኛ የንግሥና ዓመት ግድም እሱም ሞተ። የነገሠው የእናቱ የኢሴትኖፍሬት ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙ ሜርኔፕታህ ነው፤ የአባቱ 13ኛ ወንድ ልጅ። ሜርኔፕታህን ያነገሠው ዕድሜ ነው። ዕድሜ ደግሞ የትልቅነት መለኪያ ሆኖ አያውቅም።

ወደ ፒራሚዱ እንምጣ። ሳቃራ ያለው የንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ የባለቤቱ ስም አይታይበትም ነበር። በሜምፊስ ከተማ የፕታህ አምላክ ሊቀ ካህናት የነበረው ኻኤምዋሴት ይህን አየና የኡናስን ስም በትልቁ አስቀረጸበት። ጽሑፉም ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ ስሙ ስላልተገኘ ነው ይላል። አዎ፣ የራሱንና የአባቱን ስም አብሮ ጽፏል። ታዲያ ያደሰ ሰው ማደሱን አይናገርም? ስም መንጠቅስ አባቱን ነበር መጠየቅ! ራምሴስ የቀደሙ ነገሥታትን ሐውልት እየወሰደ የራሱን ስም ያስቀርጽበት ነበር። ልጁ ከዚያ ቤት ወጥቶ የሙታንን ስም ሲመልስ ኖረ። የጥንቶቹን ነገሥታት የጆሴርን፣ የሳሁሬን፣ የሌሎችንም መታሰቢያ አሳደሰ።

የካዋብ ነገር ሲነሳማ እንባዬ ይመጣል። ካዋብ የንጉሥ ኩፉ ልጅ ነው፤ ከኻኤምዋሴት ከ1,200 ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረ። ሐውልቱ ፍርስራሽ ውስጥ ወድቆ ሊጠፋ ሲል ኻኤምዋሴት አገኘው። ደስ እንዳለው፣ የጥንት ሰዎችንና የሥራቸውን ማማር እንደሚወድ ድንጋዩ ላይ አስጻፈ። ካዋብን ማንሳት ምን ሥልጣን ያስገኝለታል? ዘር ማንዘሩ ካለቀ ስንት ዘመኑ! እሱም ቢሆን ያልነገሠ ልዑል ነው። በእንግዳው ሚዛን ካዋብም ከንቱ ሊባል ነው ማለት ነው። ኻኤምዋሴት ግን ያልነገሠውን ወንድሙን ከአፈር አነሳው።

ቅምጥል ይህን አያደርግም። ዝግጅቱ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያርመው ከሆነ የሁለቱን ድንጋዮች ጽሑፍ አስተርጉሞ በአየር ላይ ያንብብልን።