አማርኛ ለሚመልስ ኤአይ ትክክለኛውን ገጽ ማን ያቀብለው?

ከገጠር ለመሬት ጉዳይ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ አርሶ አደር መብቱን ለማወቅ ከሚጠይቃቸው መካከል አሁን ኤአይም (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እየገባ ነው፤ እሱ ባይጠይቅ እንኳ ስልክ የያዘች ልጁ ትጠይቅለታለች። መልሱ ባማረ አማርኛ ይመጣል። የሚያሳስበኝ ያ ያማረ አማርኛ ከየትኛው ሰነድ እንደተቀዳ፣ ሰነዱም ዛሬ የሚሠራበት ይሁን የተሻረ፣ ብዙ ጊዜ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ለሚሠራ ኤአይ ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብና ጉልበት ሊመደብለት የሚገባው ሰነድ ፈልጎ የሚያቀርበው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቋንቋ ሞዴል በሥልጠናው ወቅት ያነበበውን ብቻ ይዞ ከሚመልስ፣ ጥያቄው ሲቀርብለት ከውጭ ሰነዶች ውስጥ ተገቢዎቹ ክፍሎች ተመርጠው ይሰጡትና በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የፌስቡክ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህን ዘዴ RAG (በፍለጋ የተደገፈ ጽሑፍ ማመንጨት) በሚል ስም ሲያስተዋውቁ እንግሊዝኛውን ዊኪፔዲያ እያንዳንዳቸው 100 ቃላት ባሏቸው 21 ሚሊዮን ገደማ ቁራጮች ከፋፍለው ነበር የተጠቀሙት። ፈላጊው ክፍል መዝገብ ቤት እንዳለ ሠራተኛ ነው፤ የተሳሳተ ፋይል ካወጣ፣ ደብዳቤውን የሚያረቅቀው ባለሙያ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ደብዳቤው ይሳሳታል።

ከመሬቱ ጉዳይ ሳንወጣ አንድ ምሳሌ እንይ። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 133/1998 በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል። ይኸው ተኪ አዋጅ በእንግሊዝኛ ሲጠቀስ ደግሞ ዓመቱ በጎርጎርዮሳውያን ስለሚቆጠር 252/2017 ይባላል። አንድን አዋጅ በሁለት ቁጥር መጥራት ለሕግ ባለሙያ ምንም አያስቸግርም፤ ለፈላጊው ግን ሁለት የተለያዩ ሕጎች ናቸው። ከዚህ የከፋም አለ። በዘመኑ የተለመደው ፍለጋ ጥያቄውንና እያንዳንዱን ቁራጭ ቬክተር ወደሚባል የቁጥሮች ሰልፍ ለውጦ በትርጉም የሚቀራረቡትን ያወጣል። የተሻረው አዋጅና የተካው አዋጅ ስለ አንድ ጉዳይ በተቀራረበ ቋንቋ ስለሚናገሩ በቬክተር ሚዛን ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም። አንዱ መሻሩን የሚነግረው ከሰነዱ ጋር የተያያዘ መረጃ ከሌለ ማሽኑ የሞተውን ሕግ ሕያው አድርጎ ያቀርባል፤ አርሶ አደሩም በዚያ ተማምኖ ቀበሌ ይሄዳል።

የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ በሕግ ብቻ አያበቃም። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ፈላጊው ይህን ቁጥር ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ሞዴሉ «በ2011 ዓ.ም.» ብሎ ቢጽፈው ሰባት ዓመት ያህል ስህተት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ስለ እምቦጭ በሰፊው ይወራ ስለነበር ስህተቱን የሚጠራጠር አንባቢ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አብሮ መመዝገብ ቀላል ሥራ ነው፤ መሠራት ያለበትም ሰነዱ ወደ ማከማቻው ሲገባ እንጂ መልስ ከተሰጠ በኋላ አይደለም።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ፣ የጣናን ዓሣ የሚፈልግ ሰው ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ ወይም አሳ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ከተማችንም ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር እየተባለች ትጻፋለች። ቃልን ከቃል የሚያዛምደው የቆየ የፍለጋ ስልት እነዚህን ሁሉ እንደ ባዕድ ያያቸዋል። ይዞታ፣ በይዞታው፣ ለባለይዞታዎቹ የሚሉትም ለእሱ የማይዛመዱ ቃላት ናቸው። መፍትሔው ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ በመፈለጊያው ማውጫ ውስጥ ብቻ ሞክሼ ሆሄያትን አንድ ማድረግና ቃላትን ከቅጥያቸው መለየት ነው። ጥቂት ቃላት መቀላቀላቸው አይቀርም፤ ጥቅሙ ግን ከጉዳቱ ይበልጣል። የቃል ፍለጋው መጣልም የለበትም፤ የአዋጅና የአንቀጽ ቁጥርን እንደ እሱ አድርጎ የሚይዝ የለምና። ሁለቱን ፍለጋዎች ማጣመር፣ ከዚያም የወጡትን ቁራጮች ከጥያቄው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሮ ደረጃቸውን እንደገና የሚያወጣ ሌላ ሞዴል መጨመር በሌሎች ቋንቋዎች ውጤት ያስገኘ አካሄድ ነው።

ሞዴሎች ከዓመት ዓመት ረጅም ጽሑፍ መቀበል ስለቻሉ ሰነዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማጉረስ ይበቃል የሚሉ አሉ። ክርክሩ አያሳምነኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን መረጃ ሲጠቀሙበት መሐል ላይ ያለውን እንደሚዘነጉ አሳይቷል። በዚያ ላይ አማርኛ በብዙዎቹ ሞዴሎች ውስጥ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ወደ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ስለሚከፋፈል ቦታውን ፈጥኖ ይሞላል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የሰነዶቻችን ሁኔታ ነው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ የሚለዩበት ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉ ፒዲኤፎች ስክሪን ላይ ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ አንድ አንቀጽ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን የሚወጣው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ነው። ፈላጊው የሚያነበው ይህን ድብልቅ ነው። ማኅተም ያረፈባቸውና ዘመም ብለው ስካን የተደረጉ ገጾች ከዚህም አይሻሉም። አማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ ባሉት ጊዜ፣ አዋጆች የሚታተሙበት የክልሉ ጋዜጣ ዝክረ ሕግና ስለ ጣና የተጻፉ ጥናቶች ለማሽን የማይነበቡ ሆነው መቅረታቸው ትልቅ ኪሳራ ነው።

የክልሉ ምክር ቤት አዋጆቹን በዩኒኮድ፣ ከሁለቱም ቁጥሮቻቸው ጋር፣ የትኛው የትኛውን እንደሻረ በግልጽ ለይቶ ቢያወጣ ብዙው ችግር ይቃለላል፤ ሥራው በጀት ቢጠይቅም አዲስ ግኝት የሚጠይቅ አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂም የሕግም የአማርኛም ምሁራን አሉት። እነሱ ተቀናጅተው ሰው በእርግጥ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች፣ ሰው በሚጽፍበት አጻጻፍ፣ ትክክለኛው መልስ ካለበት ገጽ ጋር አዛምደው ለሁሉም ክፍት የሆነ መፈተኛ ቢያዘጋጁ የትኛው ሥርዓት እንደሚሻል መለካት ይቻላል። መፈተኛው የመልሱን ውበት ከማየቱ በፊት ትክክለኛው ገጽ በመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ውስጥ መውጣት አለመውጣቱን ይመዝን። መልሳቸው በሰነዶቹ ውስጥ የሌለ ጥያቄዎችም ይካተቱበት፤ ለእነዚህ «አላገኘሁም» ያለ ማሽን ሙሉ ነጥብ ይሰጠው።