ውዳሴ ቪው

ይህች ጽሑፍ ዘፈኑን ሳይሰሙ፣ ግጥሙን ሳያነቡ፣ ሥዕሉን ሳያዩ «ስንት ቪው አለው?» ብለው ለሚጠይቁ ወገኖቼ የምስጋና ደብዳቤ ናት። ዕድሜ ይስጣችሁ! ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን «ዜማው ያምራል፣ አያምርም» እያልን ያባከንነው ሰዓት ቢሰበሰብ ስንት ዓመት ይወጣው ነበር። አሁን አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ቁጥሩን ያነብባል፣ ክርክሩ ያልቃል። ጆሮም አረፈ። መቶ ሺህ ከሞላ ሥራው ቆንጆ ነው። አርባ ሦስት ከሆነ ልጁ ተሰጥኦ የለውም፤ ከአርባ ሦስቱም ግማሹ እናቱ ናት፣ ደጋግማ እየከፈተችው።

የሚያሳዝነኝ የቀደሙት ሰዎች ይህን ብርሃን ሳያዩ ማለፋቸው ነው። ወሎ መቼም በእንዲህ ያለ ኪሳራ የታወቀ አገር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን እንይ። ቁም ጸሐፊው ቆዳ ይዘፈዝፋል፣ ይወጥራል፣ ይፍቃል፤ ጥላሸት በጥብጦ ቀለም ያወጣል፣ መቃ ይቀርፃል። ከዚያ ወራቱን ሁሉ አጎንብሶ አንዲት ወንጌል ይጽፋል። አንዲት! ገዳሙ ደግሞ ሴት አያስገባም፤ ግማሹን ተመልካች ገና ከበሩ መልሶታል ማለት ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን እዚያ ሲያስተምሩ አንድ የማርኬቲንግ አማካሪ አጠገባቸው አለመኖሩ ያስቆጫል። ቢኖር ኖሮ ቢያንስ «አባቴ፣ ሽፋኑ ላይ ፊትዎን እናድርገው» ይላቸው ነበር።

ዋድላ ከዚህም ይብሳል። ቅኔ ቤቱ ጉባኤ ቃና የምትባል ሁለት ቤት ብቻ የሆነች ቅኔ አለችው፤ ለአጭር ቪዲዮ ተለክታ የተሰፋች ናት። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ዛሬ የተቀኙትን ነገ መድገም ነውር ነው። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር (አዲስ ሲፈጥር) ይውላል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርማሉ፣ ቅኔዋ እዚያው ትቀራለች። በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። የእኛ ዘመን ሰው አንዲትን ቀልድ ዓመት ሙሉ ልብስ እየቀያየረ ሲጫወታት፣ እነዚያ በየቀኑ አዲስ ፈጥረው በየቀኑ ይጥላሉ። ብክነት ነው! (ደግሞ በግዕዝ። ቢያንስ ከሥር ጽሑፍ ቢገባለት።)

ላሊበላን ግን ይቅርታ ላደርግለት አልቻልኩም። 11 አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁሉም ከዓለት የተፈለፈሉ። እሺ። መታየት የፈለገ ሰው ወደ ላይ ይገነባል እንጂ ወደ ታች ይቆፍራል? ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ነው፤ አፋፉ ላይ ደርሰህ ቁልቁል ካላየህ በቀር ቤተ ክርስቲያን መኖሩንም አታውቅም። እነዚያ ጠራቢዎች ከሩቅ እንዳይታዩ ይህን ያህል ሲደክሙ ማን ይሁን የመከራቸው?

የመንዙማዎቹ ሸሆችም ያው ናቸው። አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው፣ ሌሊቱን በድቤ ሲያዜሙት ያድራሉ። ቡናው አለ፣ ጫቱ አለ፣ ዱዓው አለ። የሚቀርጽ ግን የለም።

ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢው ለመካፈል ከሚያስቀምጣቸው መንገዶች አንዱ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ማግኘት ነው። በዚህ ሚዛን ብናስቀምጣቸው ከላይ ከጠራኋቸው አንዱም አያልፍ። ቁም ጸሐፊው 4,000 ሰዓት ሳይጽፍ አይቀርም፤ መጻፍ ግን አይቆጠርም፣ መታየት እንጂ።

ደግነቱ ዛሬ አማካሪ ሞልቷል። ጦሳ ተራራ ሥር፣ እኛ ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ክራር ይደረድራሉ። ከትዝታ ቅኝት ወደ አምባሰል ሊዞሩ ሲሉ መቃኘቱ ብቻ ብዙ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ አውታሯን ጠበቅ፣ ላላ፣ ጆሮ ጠጋ፣ እንደገና ላላ። ፊታቸውን ላየ ደስታቸው እዚያው መቃኘቱ ላይ ያለ ይመስላል። የሰፈሩ ልጆች አዘኑላቸውና ሄዱ።

«ጋሼ፣ ለማን ነው የሚጫወቱት?»

«ለማንም። ደስ ስለሚለኝ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሕመምተኛ እንደሚያጽናና ሰው ትከሻቸውን ነካ አድርጎ፣ «አብሽር ጋሼ፣ እኛ እናስተካክለዋለን» አለ።

አስተካከሉትም። መቃኘቱ ይቆረጥ ተባለ፤ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ካልተያዘ ያልፋላ። አምባሰል ዝግ ይላል፣ ፈጠን ይደረግ ተባለ። ጋሼ አፋቸውን ከፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ፎቶ ተነሡ፤ «ጉድ! ጡረተኛው በረንዳቸው ላይ ያደረጉትን አያምኑም» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት። ያደረጉት ክራር መደርደር ነበር።

ቀረጻው መሀል ላይ አውታሯ ተበጥሳ አገጫቸውን ገረፈቻቸው። «ያ ረቢ!» ብለው ዘለሉ። ልጆቹ ያቺን ብቻ ቆርጠው ለቀቁ፤ አገሩ በሙሉ አያት። የሥጋ ሻጩ ልጅ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ፣ ሪያድ ያለችው የጎረቤት ልጅ ሳትቀር «ያ ረቢ» እያሉ ላኩላቸው። ይኸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የደረደሩት ያላስገኘላቸውን ክብር አንዲት ብጣሽ አውታር አስገኘችላቸው። አምባሰሉን የጠየቀ የለም፤ ማን ይጠይቃል?

በማግስቱ ልጆቹ አንድ ጥቅል የናይለን ክር ይዘው መጡ። ጋሼ ደስ አላቸው።

«ልትቀይሩልኝ ነው? ተባረኩ።»

«አይ ጋሼ፣ ለመበጠሻ ነው። በቀን ሦስት ይበቃናል።»

«አምባሰሉስ?»

«እሱን ጊዜ ከተረፈ መጨረሻ ላይ፣ ድምፁን ቀነስ አድርገን እናስገባዋለን።»